አልጋ የገባለት ሚኒባስ

ሰኔ 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዛሬ ሚኒባሴን ከደሴ–ኮምቦልቻ መስመር አወጣሁት። ከነገ ጀምሮ ተራ አይያዝልኝም፤ ማንም «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው» ብሎ አይጮህልኝም። ይህን ደብተር የያዝኩት የመኪናውን ሥራ ለመመዝገብ ነው። ሞላ መካኒኩ ምን እንዳወጣ፣ ምን እንዳስገባ፣ እኔም ምን እንዳዘዝኩት ተጽፎ ካልተቀመጠ በኋላ መከራከራችን አይቀርም።

ምክንያቱ እናቴ ናት። ከአቀስታ ወዲያ ባለው አገሯ ሆና፣ ለገበያ በመጣ ሰው «ልጆችህን ሳላይ ልሞት ነው ወይ» ብላ ልካብኛለች። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ደሴ መምጣት አልቻለችም፤ ትንሿን ሳፊያን ዓይኗን አይታት አታውቅም። ከአቀስታ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ጭቃ ነው። የኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትት ሚኒባስ እዚያ ከገባ በበሬ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወሰንኩ። ሞላ የፊቱም ጎማ እንዲጎትት ያደርገዋል፣ ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ ይገባለታል፣ ለዒድ አል-ፈጥር አምስታችንም እናቴ ደጃፍ እንቆማለን። ነጂው እኔ ነኝ። ቃሌን ልኬላታለሁ።

ባለቤቴ ጣይባ አልጋው አልገባትም። «ማልዶ ለተነሣ ሳይመሽ የሚደረስ አገር ነው። አልጋ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«መንገድ አይታወቅም። ከመሸ ዳር ይዘን እንተኛለን። እኔ በጨለማ መንዳት አልወድም፤ አደጋ የሚበዛው ማታ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ረዳቴ አግማስ ሊሰናበተኝ እጄን ጨብጦ «ጥሩ አደረጉ ጋሼ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እንጀራው ሲቀር ያዝናል፤ እሱ እፎይ ያለ ይመስላል። እኔም አልተቀየምኩም፤ ሰሞኑን ወሬው በዝቶብኝ ነበር። «ባጃጅ በቀኝ ነው ጋሼ። አህያ ናት ጋሼ። ሰውዬው ገና አልተሻገረም ጋሼ።» ኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ነው የሚመስለው። እንደማላይ ሰው።

ሰኔ 22

ኮምቦልቻ፣ ሞላ ጋራዥ። ከተገለበጠ ሃይሉክስ የወጣ የፊት ዲፈረንሻል አግኝቶ ጠበቀኝ። የእኛን ከፊት ፈትቶ ያንን ያስገባል፤ መኪናው ከፍ ይላል፣ ባሌስትራውም ይቀየራል።

«ሰው መኪና ለጭነት ሲያስቀይር አይቻለሁ። ለመኝታ ሲያስቀይር ያየሁት አንተን ነው» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ምላስህን ነው የምትበይደው» አልኩት። ሳቅን።

ወንበሮቹን ነቅለን ግድግዳ ሥር ደረደርናቸው። በእነዚህ ወንበሮች ስንት ሙሽራ፣ ስንት ለቀስተኛ እንዳመላለስኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ባዶውን መኪና ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ባይሆንልኝስ?

ሐምሌ 4

ዝናብ። በሰው ሚኒባስ ተሳፍሬ ተመለስኩ። ሀረጎ አቀበት ላይ ጭጋጉ ድፍን አድርጎት ነበር፤ ሾፌሩ ግን ካሴቱን ከፍቶ ይጋልባል። «ቀስ በል እንጂ፣ በዚህ ጭጋግ» አልኩት። ከኋላ አንዲት ሴት «የምን ጭጋግ?» አለች። መቼም ሚኒባስ ላይ የማይሳፈር ሰው የለም።

ሐምሌ 5

ጣይባ ዛሬም ጉበት ሠራች። ጉበት እንደማልወድ ከተጋባን ጀምሮ ታውቃለች። «ለሰውነትህ ጥሩ ነው» አለች። ሰውነቴ ምን ሆነ? ላለመጣላት በላሁላት። ልጄ ሀፊዝ ከእኔ ሳህን ሊያነሣ ሲል እጁን መታችው። «የአባትህ ነው» አለችው።

ሐምሌ 13

ለአልጋው ጣውላ ስቆርጥ መስመሩን ስቼ አንድ ሙሉ ጣውላ አበላሸሁ። እርሳሱ ቀጭን ነበር። ከእንግዲህ በከሰል ነው የማሰምረው።

ማታ ደግሞ ሳፊያ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጫወት እጇን ረገጥኳት። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ግን «መተላለፊያ ላይ ምን ያስቀምጥሻል» ብዬ ጮህኩባት። ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ «አውፍ በለኝ አባየ» አለችኝ። የስድስት ዓመት ልጅ። ጣቷ አብጧል። ራሴን ጠላሁት። መተላለፊያው ጨለማ ነው፤ አምፖል መግዛት አለብኝ።

ሐምሌ 14

አምፖል ገዛሁ። ትልቁን።

ሐምሌ 16

አምፖሉ ደካማ ነው። የዘንድሮ ዕቃ እንዲህ ነው። ይህን ደብተርም ከዛሬ ጀምሮ በረንዳ ላይ፣ በቀን እጽፈዋለሁ።

ሐምሌ 25

ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ይደበቅብኛል።

ልጄ ቢልቂስ ኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው የምትሠራው። ማክሰኞና ሐሙስ እያመሸች ትመጣለች። «ሥራ በዝቶ ነው» ትላለች። በክረምት ዱቄት ምን ሥራ አለው? ትናንት ከሰላት ስነሣ ከእናቷ ጋር ጓዳ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ወረቀቱን እስካገኝ ድረስ አባየ እንዳይሰማ።»

«ቢሰማ ያብዳል። ዝም በይ ብቻ። አብሽሪ» አለቻት ጣይባ።

ወረቀት ምንድን ነው? የኒካህ ወረቀት? አግማስን ሸዋበር አግኝቼው እንደዋዛ ጠየቅኩት፤ አሁን በሌላ ሚኒባስ ላይ ነው የሚሠራው። «ቢልቂስማ ሁሌ ከሾፌሩ ጎን ካልሆነ አትሳፈርም ጋሼ። እጁንና እግሩን ስታይ ነው የምትውለው» አለኝ። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሾፌር! አባቷ ሾፌር ሆኖ፣ የሾፌር ኑሮ ምን እንደሆነ እያየች አድጋ። ያ ካሴት ከፍቶ የሚጋልበው ጎረምሳ ባይሆን ብቻ። መጠየቅ አለብኝ፤ መጠየቅ ግን ፈራሁ። ሁለቱም ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ።

ነሐሴ 6

ፊቱ ገባ። ከረዥም ጥበቃ በኋላ አራቱም ጎማ እኩል ሲዞር አየሁ፤ መኪናው በክሪክ ላይ ተሰቅሎ። እንባዬ መጣ፤ ሞላ እንዳያየኝ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ።

ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አልኩት። በጣም ከፍ ብሏል፤ ሰው ከላይ ነው የሚታየው። በሩን ስወጣ የግንቡን ጫፍ ገጨሁ። ሞላ መጥቶ ግንቡን ሳይሆን እኔን አየ።

«ስማ በሺር» አለኝ። «ይህ መሪ የድሮው አይደለም። ድሮ በአንድ ዙር የምትታጠፈውን አሁን በአንድ ተኩል ነው። ጎማው ብዙ አይታጠፍልህም፣ ቦታ ይፈልጋል። እጅህን እንደገና አስተምረው።»

«እኔ ነኝ መሪ የምማረው?»

«አንተ ነህ» አለኝ። አልሳቀም።

ነሐሴ 17

ጣይባ ሆስፒታል ሂድ ትለኛለች። ምን አሞኝ? አራዳ ከአዟሪ መነጽር ገዛሁ፤ ጋዜጣ ጥሩ ያነባል። ጨርሻለሁ። ወሬው ይብቃ።

ጉበት።

ነሐሴ 18

መነጽሩን ሰበርኩት። ተቀመጥኩበት።

ጳጉሜ 3

አልጋው ተጠናቀቀ። ሁለቱ ታች ጎን ለጎን፣ አንዱ ከላይ በመጋጠሚያ ይዘረጋል። ጣይባ መጋረጃ ሰፋችለት፤ የውሃ ጀሪካንና የጋዝ ምድጃ የሚቀመጡበት ሣጥን ከኋላ አለ። ልጆቹ ኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ወጡበት። ሀፊዝ ላይኛው ላይ ተጋድሞ «አባየ፣ ገጠር ሳንደርስ መንገድ ላይ እናድራለን አይደል?» አለኝ።

«እናድራለን።»

«የት?»

«የመሸበት።»

ቢልቂስ ግን አልጋውን ዞር ብላም አላየችው። የሾፌሩ ቦታ ላይ ወጥታ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። «እግርሽ ይደርሳል?» ብዬ ቀለድኩባት። «ይደርሳል አባየ» አለችኝ። እሷ ግን አልቀለደችም።

መስከረም 1 ቀን 2000

አዲሱ ሺህ ዓመት ገባ። ከተማው በመብራት ተጥለቅልቋል ይላሉ፤ ልጆቹ ጎትተው ፒያሳ ወሰዱኝ። መብራት አየሁ፤ ሰው አላየሁም። ከእያንዳንዱ አምፖል ዙሪያ ክብ አለ፤ ከክቡ ውጪ ጥቁር ነው። ሰው እየገፋኝ ያልፋል። ጣይባ ክንዴን ይዛ ሄደች፤ ሰው ሲያየን አዲስ ሙሽሮች ሳንመስለው አልቀረንም። ወደ ቤት ስንመለስ ነው ልብሴ በላብ መራሱን ያወቅኩት። ነገ ረመዳን ይገባል። ያረቢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደርሼ እስክመለስ።

መስከረም 12

ትናንት ጋራዥ አፈጠርኩ። ሞላ ክርስቲያን ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ውሃ አልጠጣም። አዛን ሲል ቴምርና ውሃ ከመሳቢያው አወጣ፤ ገዝቶ አስቀምጦልኝ ኖሯል። አብረን ተቀምጠን በላን።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ጨልሞ ነበር። ቦይ ነበረበት መሰለኝ፤ ሞላ ምንም ሳይል ክርኔን ይዞ አሻገረኝና ለቀቀኝ። ከዚያ ቆመ።

«በሺር፣ ይህን መኪና ማነው ወደ አቀስታ የሚነዳው?»

«ጠፋህ እንዴ? እኔ ነኛ።»

«አምስት ነፍስ ይዘህ።»

«አንተ ብየዳህን በይድ» ብዬው ሄድኩ። ቴምሩን እንኳ አላመሰገንኩትም። ዛሬ በረንዳ ላይ ሆኜ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰው ሁሉ ምን ነካው? ሃያ ዓመት ስነዳ ዶሮ አልገደልኩም።

መስከረም 22

ይህን የምጽፈው በማግስቱ ነው። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

መኪናው አልቆ ወደ ደሴ ላመጣው ኮምቦልቻ ወረድኩ። በስምንት ሰዓት ልነሣ ነበር፤ ሞላ የፍሬን ዘይት ሲቀይር፣ ይህን ሲያጠብቅ፣ ያንን ሲያላላ አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሁን ሳስበው ሆን ብሎ ያዘገየኝ ይመስለኛል፤ እንዳድር። ቢልቂስ ከሥራ ወጥታ መጣች። «አባየ፣ ነገ ጠዋት ብንወስደውስ?» አለችኝ። እኔ ሞተሩን አስነሥቼ ነበር። ከጎኔ ገብታ ተቀመጠች።

ሀረጎን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ብዬ ሰው ፊት ስፎክር ኖሬአለሁ። እውነቴን ነው። እጄ ያውቀዋል። ይህ መታጠፊያ ሙሉ ዙር፣ ይህ ግማሽ፣ ከድንጋዩ ካብ በኋላ መልስ። ዓይን ብዙ አይፈልግም። ከአምና ጀምሮ የነዳሁት እንደዚያ ነው። ማንም አላወቀም፤ እኔም ራሴ ያወቅኩት አልመሰለኝም።

እጄ የሚያውቀው ግን የድሮውን መሪ ነው።

የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ሰፋ አድርጌ እየዞርኩ አለፍኳቸው። ቢልቂስ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ነበር። ወደ ላይ ስንወጣ ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ገባችና ፊቴ ያለው ሁሉ አንድ ሆነ። መታጠፊያው ጋ እንደደረስኩ በሞተሩ ድምፅ አወቅኩ፤ ሙሉ ዙር አዞርኩ። የድሮው መኪና ይታጠፍ ነበር። ይህኛው ቀጥ ብሎ ሄደ።

«አባየ» አለች ቢልቂስ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጎትታ ነበር።

ቆመ። ገደሉ በእሷ በኩል ነው። የፊት ቀኙ ጎማ ግማሹ አየር ላይ ነው፤ እኔ አላየሁትም፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ጠጠር ሲወርድ ግን ሰማሁ። ብዙ ነው የወረደው።

«አባየ፣ ፍሬን እንደያዝክ ቆይ። በእኔ በኩል ብወርድ የምረግጠው የለኝም።» በላዬ ተሻግራ ወረደች። ድንጋይ ለቅማ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ወተፈች። ከዚያ በሬን ከፍታ «አሁን አንተ ውረድ» አለችኝ። የምትናገረው ለልጅ እንደሚነገረው ነው። በሩን ይዤ ወረድኩ። ካቡን ተደግፌ ቆምኩ።

ቦታዬ ላይ ተቀመጠች። አራቱን ጎማ የሚያስይዘውን ማርሽ አስገባች፤ ለእናቴ አገር ጭቃ ያሠራሁትን። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች፤ ሞተሩ አልጠፋባትም፤ መኪናው ወደ ኋላ ተነሥቶ መንገዱ ላይ ተስተካከለ። እንዲህ የሚለቀቅ ፍሪሲዮን ያየሁት ከጥቂት ሾፌር ነው።

«መቼ ተማርሽ?» አልኳት።

«ማክሰኞና ሐሙስ። መንጃ ፈቃዱ ባለፈው ሳምንት ወጣ። አውፍ በለኝ አባየ።»

ደሴ፣ ሆጤ እስክንደርስ እሷ ነዳች። ልጄን ልገድላት ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መስከረም 24

አልሄድም። ማንም አይሄድም። ቁልፉ ኪሴ ነው።

ጣይባ «እናትህ ትጠብቃለች» አለች። «ትጠብቅ» አልኩ። የገዛ እናቴን።

መስከረም 25

ሽማግሌ አድርገው ቆጥረውኛል። ሁሉም ያውቅ ነበር። አግማስ፣ ሞላ፣ ሚስቴ፣ ልጄ። የማላውቀው እኔ ብቻ።

ጣይባን «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ሻይ ስሰጥህ የሲኒውን ጆሮ ወደ እጅህ ማዞር ከጀመርኩ ሦስተኛ ረመዳኔ ነው። ለምን ይመስልህ ነበር?» አለችኝ። ከዚያ የበሽታውን ስም ጠራችው፤ ያንን ሁሉ ጉበት የሠራችለትን። እዚህ ልጽፈው አልችልም። «ብነግርህ ትጮሃለህ። ዝም ብል ደግሞ ሰው ትገድላለህ። ስለዚህ ልጅቷን አስተማርናት። ወላሂ ሌላ መንገድ አጣሁ።»

አልጮህኩም። እሷ ስታለቅስ ተቀምጬ ሰማሁ።

መስከረም 27

ትናንት ሲመሽ መኪናው ውስጥ ገብቼ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተር አላስነሣሁም። መሪውን ያዝኩት። አንድ ዙር ተኩል ነው ያለው ሞላ፤ አዞርኩት፣ መለስኩት፣ አዞርኩት። እጄን ማስተማር ይቻላል። ዓይንንስ ማን ያስተምረዋል? እናቴ ቤት ሄጄ «ልጅሽ መጣ» ለማለት ሌላ ሰው ሲነዳኝ ማሰብ ከበደኝ። አለመሄድንም ማሰብ ከበደኝ። እሷ በዕድሜዋ ስንት ዒድ ቀራት?

መስከረም 28

ለሱሑር ስንነሣ ቁልፉን ቢልቂስ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት። ወጥ አቀበለችኝ።

የዒድ ዋዜማ፣ እናቴ ቤት (የጻፍኩት በማግስቱ ጠዋት ነው)

ደርሰናል። ማልደን ተነሥተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። አልጋው ላይ ማንም አላደረበትም፤ ሀፊዝ አኩርፏል። ጣይባ መንገድ ላይ፣ ጉጉፍቱ ስንደርስ «በሺር፣ አልጋውን ምን እናድርገው?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ከቢልቂስ ጎን ተቀምጬ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ «ማርሽ ቀንሺ» አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀንሳ ነበር። ከአቀስታ ወዲያ ጭቃው እስከ ጎማው ግማሽ ዋጠን። አራቱም ጎማ ጎተተና ወጣን። የሞላን ስም ጠርቼ ዱዓ አደረግኩለት።

እናቴ ምርኩዟን ይዛ ደጅ ወጣች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ሳፊያን አቅፋ አለቅም አለች። ከዚያ መኪናውን ዳብሳ፣ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «ይህን ጭቃ እንዴት አድርገህ ነዳኸው አንተ ልጅ? ሾፌር ማለት የእኔ ልጅ ነው» አለች። ሰዉ ማሻ አላህ አለ።

ጣይባ ጫማዋን አየች። ቢልቂስ ቁልፉን ሻርፗ ውስጥ ደበቀችው። እኔ ዝም ብል እነሱም ዝም እንደሚሉልኝ ገባኝ፤ ዛሬም፣ ከዛሬም በኋላ፣ እስክሞት። ሀፊዝ አጠገቤ ቆሞ ሽቅብ ያየኝ ነበር።

«የነዳችው ቢልቂስ ናት» አልኩ። «እኔ አላይም እማየ። ዳፍንት ይዞኛል። ሲመሽ ምንም አላይም፤ ቀን ደግሞ ፊት ለፊቴ ያለውን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ መኪና አልነዳም።»

የሀፊዝን ትከሻ ያዝኩ።

እናቴ ቀረብ አለችኝ። «አባትህም እንዲሁ ነበር» አለችኝ፤ አሁን ለእኔ ብቻ። «ሳይናገረው ሞተ። እኔም እንዳላወቅኩ ሆኜ አብሬው ኖርኩ። ከባድ ነው።»

መሽቶ ነበር። ምርኩዟን ለሀፊዝ ሰጥታ ክንዴን ያዘችኝ፤ በዚያ ባመማት ዳሌዋ እያነከሰች ከፊቴ ሄደች።

«ደፉ ከፍ ይላል። እግርህን አንሣ» አለችኝ።

እግሬን አነሣሁና ገባሁ።